ከምጽዋ እስከ ነቀምት 34 ዓመት



የዛሬው ቃላችን ስለ ማሰላሰል ነው። ማሰላሰል ሲባል አንዳንዶቻችን ገና ከስሙ እንሸሻለን። ዓይን ጨፍኖ፣ አእምሮን ባዶ አድርጎ መቀመጥ ይመስለናል። የመጽሐፍ ቅዱሱ ማሰላሰል ግን መሙላት ነው። መዝሙር 1 ሕጉን ቀንና ሌሊት ስለሚያስብ ሰው ሲናገር በዕብራይስጡ «ሃጋ» የሚለውን ቃል ይጠቀማል። ይኸው ቃል በኢሳይያስ 31 አንበሳ ያደነውን ይዞ ሲያገሳ፣ በምዕራፍ 38 ደግሞ ርግብ ስታለቃቅስ ተጽፎ እናገኘዋለን። ድምፅ አለው ማለት ነው። ሰውየው ቃሉን በአፉ እያጉተመተመ፣ ከብት እንደሚያመሰኳው ደጋግሞ ያላምጠዋል።

እስቲ ይህን በአንድ የአገራችን ሰው ሕይወት እንየው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።

አናሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። (ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉ እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ እልል ይሉ ነበር።) አባቱን በሕፃንነቱ አጣ። በ1869 የባሪያ ነጋዴዎች ከእናቱ ነጥለው ወሰዱት፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲሸጥ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ ወርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በ1870 ነጻ አወጣው። ከስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተጠግቶ ተማረ፣ በ1872 በትንሣኤ ዕለት ተጠመቀ። አናሲሞስ የተባለውም ያን ጊዜ ነው።

ስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ተመለሰ። ልቡ ያለው ወገኖቹ ዘንድ ነው፤ ሄዶ በቋንቋቸው ወንጌል ሊነግራቸው። በሩ ግን አልተከፈተም። በሱዳን በኩል ሞከረ፤ ድንበሩ አካባቢ ደርሶ ተመለሰ፣ ካርቱም ላይም በንዳድ ወደቀ። በ1886 እንደገና ሞከረ፤ እስከ እንጦጦ ድረስ መጣ፣ ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልቻለም። ተመልሶ ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው እምኩሉ ወረደ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ ብንሆን ምን እናደርጋለን? አንድ ነቢይ ፈልገን «በሩ መቼ ይከፈታል?» እንላለን። ከኮንፈረንስ ወደ ኮንፈረንስ እንሮጣለን። እኔ በልሳን የምጸልይ ጰንጠቆስጤ ነኝ፣ ጮክ ብሎ መጸለይን አልቃወምም። ግን ጩኸታችን ሲያበቃ ከቃሉ ጋር ለብቻችን የምንቀመጥበት ሰዓት ከሌለን፣ መጠበቅ ያለብን ዓመት ሁሉ የባከነ ይመስለናል። በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራችሁ «ዕድሜዬ አለቀ» የምትሉ እህቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው።

አናሲሞስ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ።

መተርጎም ደግሞ ዘልሎ ማለፍ የማይቻልበት ንባብ ነው። እኔና እናንተ ያልገባንን ጥቅስ እናልፈዋለን። ተርጓሚ አያልፍም። «ጸጋ» በእናቴ ቋንቋ ምን ይባላል? «ቤዛ»ስ? እየተናገረ ያዳምጠዋል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይለዋል። «ሃጋ» ይኼ ነው! በዚያ ላይ አናሲሞስ በልጅነቱ ከአገሩ ስለተወሰደ የገዛ ቋንቋው አጥሮት ነበር። ጌታ አስቴር ጋኖን ሰጠው። እሷም ለባርነት ስትወሰድ ከመርከብ ላይ የተረፈች ልጅ ናት። 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከአእምሮዋ አውጥታ ጻፈች፤ ቃላት እያሰባሰበችም ሥራውን አገዘችው። አናሲሞስ የተቀማውን ቋንቋ መልሶ ያገኘው በዚህ ሥራ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። ስለዚህ አንድ ቀን ወደ ፊልሞና መልእክት መድረሱ አይቀርም ነበር። ጳውሎስ ስለ አንድ ባሪያ ይለምናል፤ የባሪያው ስም አናሲሞስ ነው፣ በግሪኩ «ጠቃሚ» ማለት ነው። ቁጥር 11 ላይ ጳውሎስ በዚሁ ስም ይጫወታል፤ ያኔ የማይጠቅም የነበረው አሁን የሚጠቅም ሆኗል ይላል። ተሸጦ የነበረው ልጅ፣ አድጎ፣ ብዕር ይዞ፣ ባሪያ ሳይሆን የተወደደ ወንድም ስለሆነው ስለዚያ ሰው በእናቱ ቋንቋ ጻፈ። የገዛ ስሙንም በእጁ ጻፈው። ከዚህ የበለጠ ማሰላሰል ምን አለ?

ሌላም ተርጉሟል። ጀርመናዊው ጎስነር ያዘጋጀውን፣ የሰውን ልብ በሥዕል የሚያሳየውን ትንሽ መጽሐፍ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጣዎስ ትዕቢትን፣ እባብ ቅናትን የሚወክሉበትን ማለቴ ነው። ያንንም በኦሮምኛ አቅርቦታል። ቃሉ ወደ ውስጥ ካላሳየን ሥራው ገና ነው፤ ተርጓሚውም ይህን የተረዳ ይመስለኛል።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። አናሲሞስ በ1904 ነቀምት ገባ። ነጻ ከወጣ 34 ዓመት ሆኖታል። በ1881 መንገዱ ቢቃናለት ኖሮ ይህን መጽሐፍ ይዞ አይገባም ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን አልጋ በአልጋ አልሆነለትም፤ ተከሰሰ፣ እንዳይሰብክም ተከለከለ። ግን ከነቀምት አልሄደም፤ በ1931 እዚያው አረፈ።

የፊልሞና መልእክት 25 ቁጥር ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ስልኩን አጥፉና እናታችሁ ባናገረቻችሁ ቋንቋ፣ ድምፅ እያሰማችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቁጥር 11 ላይ ስትደርሱ በአናሲሞስ ፈንታ የራሳችሁን ስም አስገቡና ጥቂት ቆዩ።