የመጠጥ ቤት ፈቃድ ክልከላና ይግባኝ

የመጠጥ ቤት ፈቃድ ይግባኝ አስካሪ መጠጥ ለመሸጥ ያመለከተ ነጋዴ፣ ሆቴል ወይም የአባላት ክበብ ፈቃድ ሲከለከል፣ ወይም የያዘው ፈቃድ ሲሰረዝበት፣ ውሳኔውን ከፍ ወዳለ አካል ወስዶ የሚከራከርበት የሕግ መንገድ ነው። ከሌላው የንግድ ፈቃድ ክርክር የሚለየው ጎረቤት ስላለበት ነው። የጨርቅ ሱቅ ሲከፈት አጠገቡ ያለው ቤት እንቅልፍ አያጣም። መጠጥ ቤት ሲከፈት ግን በአመልካቹና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ቤተ እምነቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሕመምተኛውና ሌሊቱን ሊተኛ የሚፈልገው ሰፈርተኛ ይገባሉ። በዚህም የተነሳ የባለሥልጣን ሥልጣን እስከ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ በብዙ አገሮች በመጠጥ ቤት ፈቃድ ላይ ተፈትኗል።

«ይግባኝ» የሚለው ቃል ነገሬ ወደ በላይ ዳኛ ይግባልኝ ከማለት የመጣ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ፍርዱ ያልጣመው ተሟጋች ከዳኛ ወደ ዳኛ እየወጣ እስከ አፈ ንጉሡ፣ ከዚያም እስከ ንጉሡ ችሎት ሊደርስ ይችል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ዘርፍ የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበሩ። ሹሙ በሰጠው ወይም በከለከለው ነገር ላይ የሚቀርበው «አቤት!» ግን ከክርክር ይልቅ ወደ ምሕረት ልመና ያዘነበለ ነበር። ዛሬ በአንድ የንግድ ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት የሚቆም አመልካች ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያቀርብ፣ ልመና ወይስ ክርክር፣ የሚወስነው በእጁ ያለው ወረቀት ነው።

መሳለሚያ

ለዚህ ክርክር ምሳሌ የሚሆነው መሳለሚያ በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ጋር ተያይዞ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ «መሳለም» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን ምእመን ቆሞ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምበት ስፍራ ማለት ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የከተማይቱን ዋና ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩ ዙሪያው የንግድ ምድር ሆነ፤ «መርካቶ» የሚለውም ስም ከነሱ ቋንቋ የቀረ ነው። እህል በረንዳ ከመሳለሚያ አጠገብ ነው። አውቶቡስ ተራም ሩቅ አይደለም። ኩንታል የሚሸከም፣ ከክፍለ ሀገር ገብቶ መኪና የሚጠብቅ፣ ሸጦ የደከመው ሰው ሁሉ ቀምሶ የሚያርፍበት ቤት ይፈልጋል። ለመጠጥ ሻጭ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ያው ምድር ለመጠጥ ሻጭ ከባድ የሚሆንበትም ምክንያት አለው። በመርካቶ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው። አካባቢው ትምህርት ቤቶች የሞሉበት ነው። በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ስሙ ቀዳሚ የሆነው አማኑኤል ሆስፒታልም በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው፤ በመጠጥ ሱስ የተያዙ ሰዎችን ያክማል። እነዚህ ሁሉ በአንድ አካባቢ ይገናኛሉ። ፈቃድ ሰጪው ባለሙያ «ይህ ቦታ ለመጠጥ ቤት አይሆንም» ሲል ከአየር ላይ ያመጣው ሐሳብ ነው ሊባል አይችልም። ግን «አይሆንም» ያለው በየትኛው አንቀጽ፣ በየትኛው ርቀት፣ በማን ተቃውሞ እንደሆነ ካልጻፈ አመልካቹ የሚከራከርበት ነገር የለውም። የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአዲስ አበባ አነጋገር ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስብ አንድ ልማድ አለ። «ቡና ቤት» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ቢራና አረቄ የሚጠጣበት ቤት ነው። «ግሮሰሪ» ሲባልም ሰው የሚያስበው ጠባብ መሸታ ቤት ነው እንጂ የሸቀጥ መደብር አይደለም። የንግድ ፈቃድ ግን የሚሰጠው በሥራ መደብ ነው። በምግብ ቤት መደብ ፈቃድ አውጥቶ ማታ ማታ መጠጥ ቤት የሚሆን ቤት ሲታሸግ ባለቤቱ «ፈቃድ አለኝ» ይላል፤ ተቆጣጣሪው «ለዚህ ሥራ የለህም» ይለዋል። ሁለቱም የያዙት እውነት ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ለይግባኝ ሲቀርብ መጀመሪያ መጣራት ያለበት የሥራ መደቡ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ

ነጋዴው የሚቆምበት መሠረት የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 37 ደግሞ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት ይሰጣል። ጎረቤቱም ባዶ እጁን አይደለም፤ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ያረጋግጣል። መሥሪያ ቤቱ በሁለቱ መካከል የቆመ መዛኝ ነው።

ፈቃዱ የሚገዛው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጆች ነው። ቁጥር 686/2002 ያለ ፈቃድ በነገደ ሰው ላይ ከ150,000 እስከ 300,000 ብር መቀጮና ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። በቦታው የተተካው አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። የመጠጡን ጤና ነክ ጎን የያዘው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን የወጣውም በዚህ አዋጅ ነው። በተማሪዎች በተከበበ ሰፈር የ21 ዓመቱ ገደብ ትልቅ ክብደት አለው፤ ባለሙያው ፈቃድ ሲከለክል ሊጠቅሳቸው ከሚችላቸው ምክንያቶች አንዱ በትምህርት ቤት ደጃፍ ይህን ገደብ ማስከበር እንደማይቻል ነው።

ክልከላ የደረሰበት ሰው የመጀመሪያ እርምጃው ፍርድ ቤት አይደለም። በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት የተወሰነውን ከበላዩ ላለው ኃላፊ፣ ከዚያም ለከተማው ንግድ ቢሮ በጽሑፍ ያቀርባል። ውስጡ ያለው መንገድ ሲያልቅ ነው ችሎት የሚከፈተው። የአዲስ አበባ ከተማ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ከከተማው የቁጥጥር ሥልጣን ጋር የተያያዙ ክሶችን ለከተማው ፍርድ ቤቶች ሰጥቷል። እነዚህ ፍርድ ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ፣ የይግባኝና የሰበር እርከን አላቸው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው የፌደራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ከዚያ በፊት አንድን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔ በፍርድ ቤት ለማስመርመር አጠቃላይ የሆነ ሕግ አልነበረም። አዋጁ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስፈጻሚ አካላት ጭምር ያካትታል። መሥሪያ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ባለጉዳዩን እንዲሰማ፣ ሲወስንም የፍሬ ነገሩንና የሕጉን ምክንያት በጽሑፍ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ውሳኔው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊከለስ ይችላል። ክለሳ ግን ፈቃድ ማውጣት አይደለም። ዳኛው የሚጠይቀው ውሳኔው ሕጉን ተከትሏል ወይ፣ ምክንያት አለው ወይ የሚለውን ነው፤ ጉድለት ካገኘ ይሽረዋል ወይም ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመልሰዋል። ብዙ አመልካቾች ይህን ልዩነት የሚረዱት ካሸነፉ በኋላ ነው፤ ፍርዱን ይዘው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ያው መስኮት ነው። ያም ቢሆን ሁለተኛው ውሳኔ ምክንያት ተጽፎበት መውጣቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ መስመር ውጪ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የእንባ ጠባቂ ተቋም አስተዳደራዊ በደልን ይመረምራል። ውሳኔው እንደ ፍርድ ባይሆንም ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ሰው ቅርብ ደጅ ነው።

በሌላው ዓለም

በዚህ መስክ ደጋግመው ከሚጠቀሱት ፍርዶች አንዱ የእንግሊዝ ነው። በዌስትሞርላንድ፣ ኬንትሚር በተባለ ገጠር ያለ የእንግዳ ማረፊያ ከፖሊስ ቁጥጥር የራቀና ለሰፈሩም የማያስፈልግ ነው ተብሎ የፈቃድ እድሳት ተከለከለ። ባለቤቷ ሱዛና ሻርፕ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ1891 ተረታች። ዳኞቹ ግን ክልከላውን ሲያጸኑ የባለሥልጣን ምርጫ በምክንያትና በፍትሕ መመራት እንዳለበት፣ የግል ስሜት ማስተናገጃ እንዳልሆነ አስፍረዋል። የተሸነፈችው ሴት ጉዳይ ከሷ በኋላ ለመጡት ብዙ አመልካቾች መከታ ሆነ።

በካናዳ ፍራንክ ሮንካሬሊ በሞንትሪያል ቤተሰቡ ለ34 ዓመታት በፈቃድ የሠራበት ምግብ ቤት ነበረው። የእምነት ጓዶቹ የሆኑ ወደ 380 የሚጠጉ የይሖዋ ምሥክሮችን ዋስ ሆኖ በማስፈታቱ፣ በኩቤክ ጠቅላይ ሚኒስትር በሞሪስ ዱፕሌሲ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1946 የመጠጥ ፈቃዱ ተሰረዘ። ከ12 ዓመታት በላይ ከፈጀ ሙግት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1959፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዱፕሌሲ ከ33,000 ዶላር በላይ ካሳ እንዲከፍል ፈረደ። ባለሥልጣን ገደብ የሌለው ሥልጣን የለውም የሚለው ሐሳብ ከዚህ ፍርድ ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል።

ለመሳለሚያ አንባቢ ቅርብ የሚሆነው ግን የአሜሪካው ነው። በማሳቹሴትስ ሕግ በ500 ጫማ፣ ማለትም በ150 ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት ከተቃወመ የመጠጥ ፈቃድ አይሰጥም ነበር። በኬምብሪጅ ከተማ ግሬንደልስ ዴን የተባለ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያመለክት፣ በ10 ጫማ ርቀት ላይ ያለው የአርመን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተቃወመና ተከለከለ። በዚያው ቤተ ክርስቲያን የ500 ጫማ ዙሪያ ግን ፈቃድ የያዙ 25 መጠጥ ቤቶች ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በ8 ለ1 ድምፅ ሕጉን ጣለው። ዳኞቹ ቤተ ክርስቲያንን መጠበቅ ትክክል አይደለም አላሉም፤ መንግሥት ራሱ ርቀት ወስኖ መከልከል ይችላል። ያልተፈቀደው የመንግሥትን የመከልከል ሥልጣን ለቤተ እምነቱ አስረክቦ መሄድ ነበር። ርቀቱን ሕግ ይወስን፣ ጎረቤት ተቃውሞውን ያሰማ፣ ውሳኔውን ግን በስሙ ተጠያቂ የሆነ መሥሪያ ቤት ይስጥ የሚለው ክፍፍል ራጉኤልና አንዋር መስጊድ በሚጎራበቱበት ሰፈርም ልክ ነው።

የአባላት ክበቦችም ከፈቃድ ክርክር አላመለጡም። በፔንሲልቬንያ የሙስ ሎጅ ክበብ ጥቁሩን የሕዝብ እንደራሴ ሊሮይ ኧርቪስን አላስተናግድም ሲል፣ የመጠጥ ፈቃድ መያዙ ክበቡን የመንግሥት አካል ያደርገዋል ወይ የሚለው ክርክር ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1972 በ6 ለ3 «አያደርገውም» ተብሎ ተፈረደ። ይህ ፍርድ ዛሬም ያሳዝናል።

ያለ ፈቃድ የሚሸጠው ጠላ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ማመልከቻ ጽፎ መልስ የሚጠብቀውን ሰው የሚመለከት ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ጠላና አረቄ የሚሸጠው ግን በሴቶች መኖሪያ ቤት ነው። ምልክቱ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነው፤ ያየ ይገባል። ጌሾ ወቅጣ፣ ብቅል አብቅላ፣ ጋን አጥና የምትጠምቀው ሴት ይህን የምትሠራው ብዙ ጊዜ ልጅ ለማሳደግ ነው። ያለ ፈቃድ መነገድ ከተባለ ግን የምትሠራው ሥራ ከትልቁ አስመጪ ጋር በአንድ የቅጣት አንቀጽ ሥር ሊገባ ይችላል። እንስራዋ ሲወሰድባት የምትይዘው የክልከላ ደብዳቤ የለም፤ ቀድሞውንም አመልክታ አታውቅም። በጽሑፍ የተሰጠ ውሳኔ ስለሌለ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ፋይልም አይኖርም። ወደ ወረዳው የምትሄደው የዕድር ሽማግሌ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «አቤት» ለማለት ነው።