ፉከራ የማያውቃት ባላ

የአገራችን አዳኝ ግዳዩን ጥሎ ሲመለስ ይፎክራል። በፉከራው ውስጥ ጠመንጃው አለ፤ ምንሽር ወይም ውጅግራ ተብሎ በስሙ ይወደሳል። ፈረሱ አለ፤ የዘር ሐረጉ አለ፤ የወደቀው አውሬም አለ። አንዲት ነገር ግን የለችም፤ ጠመንጃውን ደግፋ ያቆመችው ባላ እንጨት። ለመሆኑ ማን "በባላ ተደግፌ ጣልኩ" ብሎ ይፎክራል? ክንዱ እንደ ዓለት የጸና ነው መባልን የሚጠላ ተኳሽ ስለሌለ የባላዋ ነገር ተሸፋፍኖ ይቀራል። የጠመንጃ ታሪክ ሲገለጥ ግን ይህች እንጨት በዚህም በዚያም ብቅ ትላለች።

ባላ ለምን አስፈለገች? መልሱ ያለው በሰው ገላ ውስጥ ነው። ቆሞ የሚያልም ሰው ይተነፍሳል፤ ልቡ ይመታል፤ ክንዱ ይዝላል። እነዚህ ሁሉ አፈሙዙን ያወዛውዙታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ጠመንጃ ሰደፉ ትከሻ ላይ እንደ ተተከለ አፈሙዙ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አንዲት የጤፍ ፍሬ ያህል ቢዛነፍ፣ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ 200 ሜትር ላይ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ልብን የሳተ ጥይት ሆድ ሊገባ ይችላል። ሆዱን የተመታ እንስሳ ደግሞ ወዲያው አይወድቅም፤ ጫካ ገብቶ ሲማቅቅ ያድራል። ባላ የተፈለገችው እንግዲህ ይህችን የጤፍ ፍሬ ለማጥፋት ነው።

በአውሮፓ ባላ ስሟ የገነነው በአደን ሳይሆን በጦርነት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የስፔን ጦር የታጠቀው ከባድ ሙስኬት በክንድ ብቻ ተይዞ የሚተኮስ አልነበረም። ወታደሩ ጫፏ እንደ ቀንድ የተከፈለ ዘንግ ይዞ ይዞራል፤ መሬት ላይ ይተክላትና ነፍጡን ያሳርፍባታል። ችግሩ እጁ ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። ዘንጉን፣ ነፍጡን፣ ባሩዱንና የሚነደውን ክር በአንድ ጊዜ መያዝ ነበረበት። ክሩ ባልሆነ ሰዓት ባሩዱን ከነካ ጉዳቱ ለራሱና ለጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1607 ሠዓሊው ያኮብ ደ ኸይን በኔዘርላንድስ ያሳተመው የጦር መሣሪያ አያያዝ መጽሐፍ 117 ሥዕሎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 43ቱ የባለ ሙስኬቱን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ ነጣጥለው የሚያሳዩ ናቸው። ዘንጓን በየትኛው እጅ እንደሚይዝ፣ ሲያጎርስ የት እንደሚያንጠለጥላት፣ ሲያልም እንዴት እንደሚተክላት ሁሉ ተሥሏል። በ17ኛው መቶ ዘመን ነፍጡ እየቀለለ ሲሄድ ባላዋም ከጦር ሜዳ ተሰናበተች።

በእኛም አገር ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች፣ ባለ ክር ነፍጥ የያዘው ተኳሽ ያለ መደገፊያ መተኮስ እንደማይወድና ለዚሁ ሲባል ረጅም ዘንግ እንደሚያዝ ጽፈዋል። ዘመኑ አልፎ ውጅግራ ሲመጣ መሣሪያው ቀለለ፤ ልምምዱ ግን ውድ ሆነ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ መገበያያ ነበር። ኢላማ ለመለማመድ ጥይት ማቃጠል ማለት ገንዘብን እሳት ውስጥ እንደ መጣል ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለችውን አንዲት ጥይት ከጉቶ፣ ከድንጋይ ወይም ከባላ አስደግፎ የሚተኩስ ሰው ፈሪ ሊባል አይገባውም፤ ቆጣቢ ነው እንጂ።

ባላዋ ሙሉ ኃይሏን ያሳየችው ግን በአሜሪካ ሜዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ጎሽ ቆዳ ለፋብሪካ የሚሆንበት የማልፊያ ዘዴ በመገኘቱ ነጋዴውም አዳኙም ወደ ሜዳው ጎረፈ። አዳኙ ሻርፕስ የተባለውን ከባድ ጠመንጃ ይዞ ከነፋሱ በታች ይቀመጣል። ሁለት እንጨቶችን አጠላልፎ ከፊቱ ይተክልና ጠመንጃውን በመስቀለኛው ላይ ያሳርፋል። መጀመሪያ የሚመታው መንጋውን የምትመራዋን ላም ነው። እሷ ስትወድቅ ሌሎቹ የሚሄዱበት ይጠፋቸውና እዚያው ይዞራሉ። እሱም ከተቀመጠበት ሳይነሳ ጠመንጃው እስኪግል ድረስ ይተኩሳል። ቆዳ ገፋፊዎቹ ከኋላ ይከተላሉ፤ ሥጋው ለአሞራ ይቀራል። በሚሊዮን ይቆጠር የነበረው ጎሽ እንዲህ ሆኖ አለቀ። ተመራማሪው ዊልያም ሆርናዴይ እ.ኤ.አ. በ1889 ባወጣው ግምት በመላው ሰሜን አሜሪካ የቀረው 1,091 ብቻ ነበር። የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ የተረፉትን ጎሾች የሚጠብቅ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1894 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ተኳሾች ነበሩ። ባላቸው የጸናች፣ ዓይናቸው የተለማመደ ነበር። ጎሹን የፈጀው የሚንቀጠቀጥ ክንድ አልነበረም፤ የጸናው ክንድ ነው።

በአፍሪካም ተመሳሳይ ሰው እናገኛለን። "ካራሞጆ" በሚል ቅጽል የሚታወቀው ስኮትላንዳዊው ዎልተር ቤል ለጥርሳቸው ሲል ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል። በጋምቤላ በኩል በሚፈሰው በጊሎ ወንዝ ስላደረገው ጉዞም እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። ሌሎች ትልልቅ መሣሪያ ሲሸከሙ እሱ አብዛኞቹን የጣለው በቀላል የ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። ምሥጢሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ለሁለት አስከፍሎ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቷል። ሁለተኛ፣ በባዶ ጠመንጃ ሳይቀር ማለምን ልማዱ አድርጎት ነበር። ጥበቡ ያስደንቃል፤ የዝሆኖቹን ቁጥር ሲያስቡት ግን አድናቆቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

የዛሬው አዳኝ ባላ ባብዛኛው ሦስት እግር ያላት፣ ተጣጥፋ የምትያዝ ናት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታዲያ የሚለማመደው ሌላ፣ የሚያድነው ሌላ ስለሆነ ነው። ኢላማ ሜዳ ሄዶ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ይተኩሳል፤ ወረቀቱን መሐል ለመሐል ይበሳል፤ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ጫካ ሲደርስ ጠረጴዛ የለም። ዳገት ወጥቶ ያለከልካል፤ እንስሳው ሊሄድበት ነው፤ ባላዋን ሲዘረጋት አንዷ እግር ጉድጓድ ትገባለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

ደህና ተለማማጅ ግን ባላዋን ይዞ ይራመዳል፤ ቆሞ ይዘረጋታል፤ እግሮቿን ሰፋ አድርጎ ከቁመቱ ጋር ያስተካክላታል። በላይዋ የሚያሳርፈው የጠመንጃውን እንጨት እንጂ ብረቱን አይደለም፤ ብረቱ ደረቅ ነገር ላይ ካረፈ ሲተኮስ ይዘልና ጥይቱ ከታለመበት ይርቃል። መጀመሪያ በባዶ ጠመንጃ ደጋግሞ ምላጩን ይስባል። ከዚያ በእውነተኛ ጥይት፣ ጥቂት ግን የታሰበበት ተኩስ ይተኩሳል። ሮጥ ብሎ ትንፋሹ ሳይመለስም ይሞክራል። በመጨረሻ ከስንት ሜትር ላይ ሳይስት እንደሚመታ ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ርቀት ይተወዋል። የልምምዱ ትልቁ ፍሬ ምናልባት ይህች መተው ናት።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር አይገኝም። የውጭው ዓለም ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ፣ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ካደነው በኋላ ሲሆን፣ ስሙ በሳይንስ መዝገብ የሰፈረው በ1910 ነው። በአርሲና በባሌ ተራሮች፣ በአስታው መካከል የሚኖረው ይህ እንስሳ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ ነው። አደኑ የሚፈቀደው በፈቃድና በተወሰነ ቁጥር ነው። ገደሉ ማዶ ቆሞ ሲታይ ርቀቱ ያሳስታል፤ አየሩ ስስ ነው፤ የወጣው ሰው ልብ ይደልቃል። እዚያ ላይ የጤፍ ፍሬዋ ትልቅ ነገር ናት። ቆስሎ አስታው ውስጥ የገባ አጋዘን ከተፈቀደው ቁጥር ላይ ባይጻፍም ከተራራው ግን ጎድሏል።

እንግዲህ ባላ ለያዘው አዳኝ ነውር አይሆንበትም፤ ክንዱ እንደሚንቀጠቀጥ ማመኑ ነውና። የጎሹ ታሪክ የሚነግረን ደግሞ ባላ ክንድን ታጸናለች እንጂ "ይበቃል" እንደማትል ነው። ያንን የሚለው ሕጉና ባላዋን የዘረጋው ሰው ራሱ ነው።