ሬቩ ዴ ዜቱድ አርሜኒየን

ሬቩ ዴ ዜቱድ አርሜኒየን በ1920 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተመሠረተ፣ በአርመን ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ላይ የሚያተኩር ምሁራዊ መጽሔት ነው።

መሥራቾቹ የቋንቋ ሊቁ አንትዋን ሜዬና በፓሪስ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አርመንኛ ያስተምሩ የነበሩት ፍሬዴሪክ ማክለር ናቸው። ከዚያ አስቀድሞ የመስኩ ዋና መድረኮች የመኪታር ማኅበር መነኮሳት በአርመንኛ የሚያሳትሟቸው መጽሔቶች ነበሩ፤ ባዝማቬፕ በ1843 በቬኒስ፣ ሃንዴስ አምሶሪያ ደግሞ በ1887 በቪየና ተጀምረዋል። የፓሪሱ መጽሔት በበኩሉ ጥናቱን አርመንኛ ለማያነቡ ምሁራንም ከፈተ።

የመጀመሪያው ተከታታይ እትም በ1933 ተቋረጠ።

መጽሔቱን በ1964 ዳግም ያስነሡት የሜዬ ደቀ መዝሙር ኤሚል ቤንቬኒስትና ሃይግ ቤርቤሪያን ሲሆኑ፣ የቅጾቹም ቁጥር እንደ አዲስ ከአንድ ጀመረ። ኅትመቱን የካሉስት ጉልቤንኪያን ፋውንዴሽን ደግፏል፤ በኋላም የታሪክ ምሁሯ ኒና ጋርሶያን መጽሔቱን መርተዋል።

ጽሑፎቹ በአብዛኛው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የሚቀርቡ ሲሆን፣ የብራና መጻሕፍትን፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክን፣ ከግሪክና ከሱርስት ወደ ጥንታዊ አርመንኛ የተመለሱ ድርሰቶችን ይመረምራሉ። መጽሔቱን የሚያሳትመው መቀመጫው በቤልጂየም ሌቨን ከተማ የሆነው ፔተርስ ማተሚያ ድርጅት ነው።