መብራቱን ማን ያጥፋው?

የኮንዶሚንየማችን ደረጃ ላይ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ፣ ሰው ሲርቅ የሚጠፋ መብራት ተገጥሞልን ነበር። ደስታችን ግን አልዘለቀም። አምፖሉ ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ ሲያስቸግር ኮሚቴው ሴንሰሩን አስነቀለው። እኛም ግድግዳ እየዳበስን መውጣት ጀመርን። አንድ ማታ የጎረቤታችን እናት ወድቀው እጃቸው ተሰበረ።

ለመሆኑ ጥፋተኛው ማን ነው?

ክርክሩ የቆየ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ኦስራምና ፊሊፕስን የመሳሰሉ አምራቾች ጄኔቫ ላይ ፊበስ የተባለ ካርቴል መሥርተው የአምፖልን ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ ወሰኑት። ከዚያ የሚያልፍ የሠራ ይቀጣ ነበር። ስግብግብነት ነው? አዎ። ግን አንድ እውነትም ነበረበት፦ የአምፖሉ ሽቦ ይበልጥ ሲግል በዚያው ኃይል ብዙ ብርሃን ይሰጣል፤ ዕድሜው ግን ያጥራል።

በኋላ የመጣው ኃይል ቆጣቢ ፍሎረሰንት ደግሞ የራሱን ጠባይ ይዞ መጣ። በበራ ቁጥር ጫፎቹ ላይ ያለው ቅብ ትንሽ ትንሽ ይበላል። ለዚህም ነው የአሜሪካ ኃይል ሚኒስቴር ከ15 ደቂቃ በታች ለሚወጣ ሰው እንዲህ ዓይነቱን መብራት ባያጠፋው ይሻላል ብሎ የመከረው። የኛ ደረጃ ላይ የነበረው እሱው ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያበራው ሲያጠፋው ይውላል!

ኤልኢዲን ግን ማብራት ማጥፋቱ አያስረጀውም። ለዚህ ዘመን ያበቃንን ሰማያዊ ኤልኢዲ የፈለሰፉት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

እንግዲህ ኮሚቴዎቻችን ሆይ፣ ሴንሰሩን መልሱልን። መቀየር የነበረበት አምፖሉ ነው።