ፎስታ–ሴስታ

ፎስታ–ሴስታ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2018 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የፈረሙበት የአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ ነው። ስሙ የመጣው ከተወካዮች ምክር ቤትና ከሴኔት ከቀረቡት ሁለት ረቂቆች ምህጻረ ቃል ነው። የወጣውም ለወሲብ ንግድ የሚዘዋወሩ ሰዎች የሚሸጡባቸውን ድረ ገጾች ተጠያቂ ለማድረግ ሲሆን፣ በተወካዮች ምክር ቤት 388 ለ 25፣ በሴኔት ደግሞ 97 ለ 2 በሆነ ድምፅ አልፏል። ሕፃናትን የሚሸጥ ሰው ይቀጣ በሚለው ላይ የተከራከረ አልነበረም። ያከራከረው ሕጉ የተጻፈበት ቃል ስፋት ነው፤ ያ ስፋትም ወንጀለኛውን ከመያዙ በፊት ወንጀል የሌለበትን ተናጋሪ ዝም እንዳሰኘ እስካሁን የተሰበሰበው ማስረጃ ያሳያል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ 1995 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ፕሮዲጂ የተባለው የኦንላይን አገልግሎት ደንበኞቹ የሚጽፉትን እየተከታተለ ስለሚያርም፣ ስም ለሚያጠፋ ጽሑፍም እንደ አሳታሚ ሊጠየቅ ይገባል ሲል ወሰነ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ጽሑፍ የሚያጣራው ተጠያቂ ሲሆን፣ ዓይኑን የጨፈነው ነጻ ይወጣል ማለት ነው። ኮንግረስ በ1996 ያወጣው ክፍል 230 የተባለው ድንጋጌ ይህን ለማስተካከል፣ ድረ ገጾች ሌሎች ሰዎች ለጻፉት ነገር እንደ አሳታሚ እንዳይቆጠሩ አደረገ። ይህ ከለላ ግን ከመጀመሪያውም ቢሆን በፌዴራል ወንጀል የሚቀርብን ክስ አይመለከትም ነበር፤ በክርክሩ መሐል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው።

ሕጉን የወለደው የባክፔጅ ጉዳይ ነው። በልጅነታቸው በዚህ የማስታወቂያ ድረ ገጽ የተሸጡ ሦስት ወጣቶች ያቀረቡትን የፍትሐ ብሔር ክስ በቦስተን የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ክፍል 230ን ጠቅሶ ውድቅ አደረገው። የሕጉ ደጋፊዎች ይህን ሲያነሱ እውነት አላቸው፤ ለተበዳዮቹ የፍርድ ቤት በር ተዘግቶባቸው ነበር። ይሁንና በጃንዋሪ 2017 የወጣው የሴኔት ምርመራ ሪፖርት፣ ባክፔጅ የልጅ ዕድሜን የሚጠቁሙ ቃላትን ከማስታወቂያው ውስጥ በራሱ ኮምፒውተር እየሰረዘ፣ የቀረውን እንደሚያወጣ አጋለጠ። ይህ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳይሆን የድረ ገጹ የራሱ ድርጊት ነው። መርማሪዎች ባክፔጅን የዘጉትም በኤፕሪል 6 ቀን 2018፣ አዲሱ ሕግ ሊፈረም አምስት ቀን ሲቀረው፣ በነበረው ሕግ ነው።

አዲሱ ሕግ የተበዳዮችን በር ከመክፈት አልፎ፣ የሌላን ሰው ሴተኛ አዳሪነት «ለማስፋፋት ወይም ለማመቻቸት» በማሰብ ድረ ገጽ ማስተዳደርን እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ። በግዳጅ የሚሸጥንና በራሱ ፈቃድ የሚሠራን ሰው የሚለይ አገላለጽ እዚህ ላይ የለም። አንድ ድረ ገጽ ጽሑፎችን ባጣራ ቁጥር ስለይዘታቸው የበለጠ ያውቃል፤ ባወቀ ቁጥርም ለክስ ይበልጥ ይጋለጣል፤ የ1995ቱ ችግር በሌላ በር ተመለሰ። ሴኔቱ ድምፅ በሰጠ በሁለት ቀን ውስጥ የማስታወቂያ ድረ ገጹ ክሬግስሊስት የትውውቅ ገጾቹን ጠቅልሎ ዘጋ፤ የውይይት ድረ ገጹ ሬዲትም የተወሰኑ መድረኮችን አገደ። በፖርትላንድ ፈቃድ ያለው አንድ የማሳጅ ባለሙያ ደንበኛ የሚያገኝበት የክሬግስሊስት ክፍል ስለተዘጋበት፣ ከሂዩማን ራይትስ ዎችና ከኢንተርኔት አርካይቭ ጋር ሆኖ መንግሥትን ከሰሰ። ከሁሉም የከፋው፣ በወሲብ ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች አደገኛ ደንበኞችን እርስ በርስ የሚጠቋቆሙባቸው ገጾችም አብረው መጥፋታቸው ነው።

ደጋፊዎች፣ አንድ ትልቅ ገበያ ፈርሶ የለም ወይ ይላሉ። ፈርሷል፤ ገዢና ሻጩ ግን ተበተኑ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በጁን 2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ድረ ገጾቹ ወደ ውጭ አገር በመሸሻቸው ለፖሊስ ጥቆማና ማስረጃ ማሰባሰብ ከብዷል። ዓቃቤ ሕጎችም በአዲሱ የወንጀል አንቀጽ እስከ ማርች 2021 ድረስ የተጠቀሙት በአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ገንዘብ ማጠብንና የተደራጀ ወንጀልን የሚመለከቱት የቀድሞ ሕጎች ይሠሩላቸው ነበር።

በጁላይ 2023 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሕጉ ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሎ ሲያጸና፣ ቃሉን ግን አጥብቦ፣ ወንጀልን አውቆ መርዳትን እንጂ ስለ ወሲብ ሥራ መናገርን ወይም መሟገትን እንደማይመለከት ተረጎመው። ስለዚህ ስጋቱ ከንቱ ነበር የሚሉ አሉ። ትርጓሜው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣ ነው፤ የተዘጉት የክሬግስሊስት ገጾችም በዚያ ምክንያት አልተከፈቱም። ለሚያስተናግደው ጽሑፍ ብዙም ጥቅም የማያገኝ ድርጅት ወደ እስር ቤት ሊያደርስ ከሚችል ጥርጣሬ ጋር አይጋፈጥም፤ ገጹን መዝጋት ይቀለዋል። ለዚህ መፍትሔው በሕጉ ላይ ማስገደድን፣ ማታለልን ወይም ዕድሜን የሚጠቅስ ግልጽ መስፈርት መጨመር ነው፤ የተበዳዮችም የመክሰስ መብት በዚያው ሊቆይ ይችላል። የሕጉ ጉዳት ራሱ በመንግሥት እንዲጠና በ2019 ለኮንግረስ የቀረበው ረቂቅ ግን ሳይጸድቅ ቀርቷል።