የኦዊኖ ገበያ ቃጠሎና የጎረቤት እርዳታ

ከጥንት ጀምሮ የአንድ መንደር ሰው አንድነት የሚፈተነው በሁለት ነገር ነው፤ በሞትና በእሳት። ሞት ሲመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ድንኳን ይተክላል፤ እሳት ሲነሣ ግን ድንኳን ለመትከል የሚበቃ ጊዜ እንኳ አይገኝም። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የጎረቤት ናቸው። የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኛ የቱን ያህል ትጉህና የሠለጠነ ቢሆን፣ ጥሪው እስኪደርሰው፣ መኪናው እስኪነሣና መንገዱ እስኪከፈትለት ድረስ ነበልባሉን ፊት ለፊት የሚያገኘው በአጠገቡ ያለው ሰው ነው። ታዲያ ይህ ሰው ምን ያውቃል? በእጁስ ምን ይዟል? ማንስ ያዘዋል? በካምፓላ ከተማ የሚገኘው የኦዊኖ ገበያ ታሪክ ለእነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ዋጋ የተከፈለበት መልስ ይሰጣል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦዊኖ በኡጋንዳ ዋና ከተማ መካከል፣ ከናኪቩቦ የስፖርት ሜዳ አጠገብ የሚገኝ ታላቅ ገበያ ነው። በ1971 ሲቋቋም በውስጡ የነበሩት ነጋዴዎች 320 ብቻ እንደ ነበሩ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ግን ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልሰው ሕዝብ እየበዛ በመሄዱ ገበያው ሰፍቶ፣ የነጋዴው ቁጥር 50,000 ያህል ደርሷል እስከ መባል ደረሰ። ከእነዚህም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ገበያው በሕግ የሚጠራበት ስም የቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ ነው። ጆሴፍ ሙካሳ ባሊኩዴምቤ የቡጋንዳ ንጉሥ የዳግማዊ ምዋንጋ የቤተ መንግሥት አገልጋይ የነበረ፣ በኖቬምበር 1885 ስለ ክርስትና እምነቱ አንገቱ ተሰይፎ ሥጋው በእሳት የተቃጠለ፣ በ1964 ከኡጋንዳ ሰማዕታት ጋር በሮማ ቅድስናው የታወጀለት ሰው ነው። ሕዝቡ ግን ዛሬም ቢሆን ገበያውን ኦዊኖ ብሎ ይጠራዋል።

በኦዊኖ የማይሸጥ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እህሉ፣ ቅመሙ፣ አትክልቱ፣ ጫማው፣ የቤት ዕቃው ሁሉ ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው ግን በእኛ አገር ሰልባጅ፣ በኡጋንዳውያን ዘንድ ሚቩምባ የሚባለው የተለበሰ ልብስ ነው። ይህ ልብስ ከባሕር ማዶ ተጠቅልሎና ታስሮ ይመጣል፤ እዚያው ተፈትቶ ይመረጣል፤ ከመደቡ ላይ ተቆልሎ፣ ከጣሪያውም ሥር ተንጠልጥሎ ይሸጣል። መደቦቹ በብዛት ከጣውላ የተሠሩ፣ በቆርቆሮና በሸራ የተሸፈኑ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የማያሳልፍበት ስፍራ ብዙ ነው። ምግብ አብሳዮች በከሰል ምድጃ ይሠራሉ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም ከመደብ ወደ መደብ ይዘረጋል። እንግዲህ ልብስ፣ እንጨት፣ ሸራ፣ ፍምና ሽቦ በአንድነት በሚኖሩበት ስፍራ እሳት ሲነሣ ሊያስደንቅ አይገባም።

እንደ ተፈራውም ሆነ። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2009፣ ማለትም በየካቲት 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በኦዊኖ የተነሣው እሳት የገበያውን ታላቅ ክፍል አወደመ። በሺህ የሚቆጠሩ ነጋዴዎች በአንድ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ብዙዎቹ እንደ ምንም ተበድረው መደባቸውን ካቆሙ በኋላ፣ በ2011 እሳት እንደገና ተነሣ። የዚህን ጉዳት ክብደት ለመረዳት የኦዊኖን ነጋዴ ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። የብዙዎቹ ሀብት በባንክ የተቀመጠ አይደለም፤ በመደባቸው ላይ የተቆለለው ዕቃ ራሱ ነው። ዕቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ በብድር የተገዛ ነው። ኢንሹራንስ የገባ ነጋዴ ጥቂት ነው። ስለዚህ የአንዲት እናት መደብ ሲቃጠል የሚቃጠለው ልብስ ብቻ አይደለም፤ የልጆችዋ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤትዋ ኪራይ አብሮ ይቃጠላል፤ ዕዳው ግን ሳይቃጠል ይቀራል።

በካምፓላ የእሳት አደጋ መከላከያ ድርጅት የለም እንዳይባል፣ በኡጋንዳ ፖሊስ ሥር የሚተዳደር አገልግሎት አለ፤ ጣቢያውም ከገበያው እምብዛም በማይርቅ ስፍራ፣ በሰዓት ማማው አካባቢ ይገኛል። ነገር ግን ቅርበት ብቻውን አይበቃም። መኪናው ከገበያው ዳር ቢደርስም ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ከሌለ፣ ውኃ የሚቀዳበትም ቧንቧ በአቅራቢያው ካልተገኘ፣ የያዘውን ውኃ አፍስሶ እንደገና ለመቅዳት መመለስ ግድ ይሆንበታል። በዚህም መካከል እሳቱ ከመደብ ወደ መደብ ይዛመታል። ነጋዴውም ዕቃውን ለማውጣት ወደ ውስጥ ይሮጣል፤ ተመልካቹ መንገዱን ይሞላል፤ ከረዳቱ መካከል ሌባ ይቀላቀላል። በጎ ፈቃድ ሞልቶ ሳለ ሥርዓት ከሌለ የሕዝቡ ብዛት ራሱ እንቅፋት ይሆናል።

ከመንገዱ ጥበት የማያንስ ሌላ ችግርም ነበረ፤ ይኸውም መጠራጠር ነው። በእነዚያ ዓመታት የከተማውን ገበያዎች አፍርሶ በአዲስ መልክ ለመሥራት የነበረው አሳብ በነጋዴዎቹና በባለ ሥልጣኖቹ መካከል ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ስለዚህ ከቃጠሎው በኋላ ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ እሳቱ ቦታውን ለማስለቀቅ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው ብለው ጠረጠሩ። ጥርጣሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ በሕዝብ ልብ ካደረ ዘንድ ጉዳቱ አይቀርም። ለእሳት መኪና መንገድ እንዲሰፋ መደብህን ወደ ኋላ ሳብ የተባለ ነጋዴ፣ ዛሬ አንድ ክንድ ነገ ሙሉውን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ካመነ፣ እሺ አይልም። የእሳት መከላከል ሥራ የሚጀምረው በውኃ ሳይሆን በመተማመን ነው የሚያሰኘው ይህ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ሕዝብ በመረዳዳት ልማድ ያልደኸየ መሆኑ ነው። በቡጋንዳ ቡሉንጊ ብዋንሲ የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ ትርጓሜውም የአገር ደኅንነት ወይም የአገር በጎነት እንደ ማለት ነው። ከበሮ ሲመታ የመንደሩ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ያለ ደመወዝ መንገድ ይጠርጋል፤ ምንጭ ያጸዳል። የከበሮውም ድምፅ በጋንዳ ቋንቋ፣ የተጋደመ ሰው ማየት አልፈልግም የሚል ትርጓሜ ይሰጠዋል። ከገጠር ወደ ኦዊኖ የመጣው ሰው ይህን ያውቃል። ነገር ግን በመንደሩ ከበሮውን የሚመታው ሰው የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱም ሥራውን ከአባቱ ተምሮታል። ከየአገሩ የተሰበሰበው የገበያ ሕዝብ ግን ከበሮ መቺ የለውም፤ የሥራ ድርሻም አልተከፋፈለም። ልማዱ በገጠር ቀርቶ ሰው ብቻውን ወደ ከተማ ገባ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በገጠራችን የአንድ ሰው የሣር ቤት ሲቃጠል እሪታ ይሰማል፤ ሰውም ከየአቅጣጫው ይሮጣል። ሴቶች በእንስራ ውኃ ያቀርባሉ፤ ወንዶች አፈር ይበትናሉ፤ እሳቱ እንዳይዛመት የጎረቤቱን ክዳን የሚያነሣም ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል፤ ነገር ግን እነርሱ ከመድረሳቸው በፊትም ሆነ ከደረሱ በኋላ በገደሉ ላይ ቅጠል ይዞ እሳቱን ሲመታ የነበረው የአካባቢው ገበሬ ነው። ደመወዝተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሌለበት አገር መንደርተኛው ሁሉ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው።

ከተማው ግን የገጠሩን ልማድ ሳይተካ አስቀርቶታል። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ በተባለው ስፍራ ታላቅ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ፣ እሳቱን ለማጥፋት ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ የመንገዱ ጥበት መሆኑ ተገልጿል። ኦዊኖና መርካቶ በአገር ቢራራቁም በችግር ጎረቤታሞች ናቸው።

ታዲያ በጎ ፈቃድን ወደ ሥርዓት የለወጡ ሕዝቦች እንዴት አደረጉ? በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በዲሴምበር 1736 ከወዳጆቹ ጋር የእሳት ማኅበር አቋቋመ። የአባላቱ ቁጥር ወደ 30 ይሆን ነበር። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲዎችና ጠንካራ ከረጢቶች አዘጋጅቶ የማኖር ግዴታ ነበረበት። ባልዲው ለውኃ ነው፤ ከረጢቱ ደግሞ የተጎጂውን ንብረት ሰብስቦ ለማውጣትና ለመጠበቅ ነው። በየወሩ ይሰበሰቡ ነበር፤ ከስብሰባ የቀረ መቀጮ ይከፍላል፤ በመቀጮውም ገንዘብ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያና መሰላል ይገዛ ነበር። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ እድራችንን ማስታወሱ አይቀርም፤ መዋጮው፣ መቀጮው፣ በጋራ የሚገዛው ዕቃ፣ የጥሩንባው ጥሪ ሁሉ አንድ ነውና። በደቡብ አሜሪካ በቺሊ በ1851 በቫልፓራይሶ ወደብ የተጀመረው የእሳት አደጋ ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ደመወዝ በሚያገለግሉ ሰዎች ይካሄዳል። በጀርመንም የገጠሩን መንደሮች ከእሳት የሚጠብቁት በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ዜጎች ሲሆኑ፣ በመላው አገር ቁጥራቸው ከሚሊዮን ያላነሰ ነው።

እነዚህ ማኅበሮች ለኦዊኖ ሕዝብ ያልተሟሉለት አራት ነገሮች አሉአቸው። አንደኛ፣ ጥሪው የታወቀ ነው፤ ደወሉን የሚደውለው ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛ፣ መሣሪያውና ውኃው ከአደጋው በፊት የተዘጋጀ ነው። ሦስተኛ፣ ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ ውኃ የሚያቀብለው፣ ንብረት የሚጠብቀው፣ ሕፃናትንና ደካሞችን የሚያወጣው ሰው የተለየ ነው። አራተኛ፣ ልምምድ አለ፤ በጸጥታ ቀን ያልተለማመደ ሰው በሽብር ቀን አይሠራምና። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቁት ስምምነትን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የተባለው ሎሚው ሲከፋፈል ነው እንጂ ሃምሳው ሰው በአንዱ ሎሚ ሲሻማ አይደለም።

ይህ ጉዳይ ትምህርት ቤትን በቀጥታ ይነካል። በኤፕሪል 2008 ከካምፓላ ብዙ በማይርቀው በቡዶ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የሴት ልጆች መኝታ ቤት በሌሊት ተቃጥሎ ወደ 20 የሚጠጋ ሕይወት ጠፍቷል። በማርች 2001 በኬንያ በክያንጉሊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በደረሰ ቃጠሎ 67 ተማሪዎች ሞተዋል፤ ከመኝታ ቤቱ ሁለት በሮች አንደኛው ተቆልፎ፣ መስኮቶቹም በብረት ታጥረው ነበር። ልጆችን ከሌባ ለመጠበቅ የተቆለፈ በር ከእሳት እንዳያመልጡ አደረጋቸው። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ልጆቹ በየት በኩል እንደሚወጡ፣ ወጥተውም በየት እንደሚቆጠሩ አስቀድሞ የወሰነ ትምህርት ቤት በዚያች ሌሊት ብዙ ነፍስ ያድናል።

ከዚህም በላይ ትምህርት ቤት ለመንደሩ ሁሉ የእሳት ትምህርት ምንጭ ሊሆን ይችላል። ደወል አለው፤ ሰፊ ሜዳ አለው፤ በቃሉ የሚታመን መምህር አለው። በተለይም በእያንዳንዱ ቤት አንድ መልእክተኛ አለው፤ ይኸውም ተማሪው ነው። በትምህርት ቤት የሠለጠነ ልጅ ማታ ለእናቱ የከሰሉን ፍም ከመደቡ ስለ ማራቅ፣ ዘይት በነደደ ጊዜም ውኃ ስላለመጨመር ይነግራታል። ትምህርት ቤት በገበያና በመንግሥት መካከል በሚነሣው ክርክር ወገን ስላልሆነ፣ ነጋዴው ከባለ ሥልጣን አልቀበልም ያለውን ምክር ከልጁ መምህር ሊቀበል ይችላል። በኦዊኖ የጎደለው መተማመን የሚተከልበት አንዱ ስፍራ ይህ ነው።

የኦዊኖ ሕዝብ ከቃጠሎው በኋላ በቦታው መልሶ ቆመ፤ የከሰለው መደብ ተጠግኖ፣ ጥቅሉ እንደገና ተፈትቶ፣ ገዢና ሻጭ እንደ ቀድሞው ተገናኙ። ይህ ጽናት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከቃጠሎ በኋላ መነሣትን የሚያውቅ ሕዝብ ከቃጠሎ በፊት መሰብሰብንም ሊያውቅ ይገባዋል። መምህራንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች በየሰፈራቸው ደወሉን የሚደውለው ማን እንደ ሆነ፣ ውኃው የት እንዳለ፣ መንገዱም ክፍት መሆኑን እሳት ሳይነሣ ቢጠይቁና ቢያስጠይቁ፣ ይህ ጥያቄ ራሱ የማኅበሩ መጀመሪያ ይሆናል።