የኤሴክስ ጠረፍ የእሳት እራትና የዘገየ መዝገቧ

በእንግሊዝ አገር ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በኤሴክስ አውራጃ፣ ኔዝ ከሚባለው የባሕር አፋፍ አጠገብ ሃምፎርድ ዎተር የተባለ ረግረጋማ ሥፍራ ይገኛል። የባሕሩ ሙላት በቀን ሁለት ጊዜ እየገባ የሚወጣበት ይህ ሥፍራ ትናንሽ ደሴቶችንና ከአፈር የተሠሩ የውሃ መከላከያ ግድቦችን ያቀፈ ነው። በግድቦቹ ላይና በሻካራው ሣር መካከል፣ እንግሊዞች የአሳማ እንስላል የሚሉት ቢጫ አበባ ያለው ረጅም ተክል ይበቅላል።

ይህ ተክል ገና በጠዋቱ ጸሐፊ አግኝቷል። የቀዶ ሕክምና ባለሙያና አትክልተኛ የነበረው ጆን ጀራርድ እ.ኤ.አ. በ1597 ባሳተመው የዕፀዋት መጽሐፍ፣ ተክሉ በኔዝ እንዲሁም ከቴምዝ ወንዝ አፍ ወዲያ ማዶ በኬንት አውራጃ፣ በዊትስተብል አቅራቢያ እንደሚገኝ አመልክቷል። ሥሩ ሲቆረጥ ድኝ ድኝ የሚሸት ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹም ለመድኃኒትነት ይፈለግ ነበር። የተክሉ መኖሪያ እስከ መንደሩ ስም ድረስ ተለይቶ የተጻፈውም ከዚሁ ጥቅም የተነሣ ይመስላል።

ሥሩን የሚፈልገው ግን ሰው ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1968፣ ማለትም ከጀራርድ መጽሐፍ 371 ዓመት በኋላ፣ ፊሸር የተባለ የነፍሳት ተመልካች በዚሁ ጠረፍ፣ በብሪታንያ መኖሯ ከዚያ በፊት ያልታወቀ አንዲት የእሳት እራት አገኘ። በአህጉር አውሮፓ ዝርያዋ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ በእንግሊዝ ግን በፊሸር ስም ተጠራች።

መዝገቧ ይህን ያህል መዘግየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ክንፍ አውጥታ የምትበረው በመስከረምና በጥቅምት ብቻ ነው። እንቁላሏን በሣር አገዳ ላይ ትጥላለች፤ የብርዱ ወራት በዚያው ያልፋል። በጸደይ የምትፈለፈለው ዕጭ የእንስላሉን ግንድ በስታ ወደ ሥሩ ትወርዳለች፤ በጋውንም ሥሩን እየበላች ከመሬት በታች ታሳልፋለች። በአማርኛ የወገኗ ስም ከእሳት ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ ቆጣሪዎች ብዙውን ጊዜ መኖሯን የሚያረጋግጡት በፋኖስ ሳይሆን በተክሉ ግርጌ በተከመረው ፍርፋሪ መሰል ኩሷ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 በሰሜን ባሕር የተነሣው ማዕበል የኤሴክስን ግድቦች ሰብሮ ከ100 በላይ የአውራጃውን ነዋሪዎች ገድሏል። የሰዎቹ ሞት ተመዝግቧል፤ ግድቦቹም እንደገና ተሠርተዋል። የእሳት እራቷ ያን ጊዜ ምን ያህል እንደተጎዳች የሚናገር ወረቀት ግን ሊኖር አይችልም፤ ያልተጻፈ ፍጡር መጥፋቱም አይጻፍምና።

ከ1968 በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ብርቅነቷ የሰብሳቢዎችን ዓይን ሳበ፤ የአውሮፓ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግም ከለላ ሰጣት። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን በኬንት የሆነው ነው። በ21ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በዊትስተብል አካባቢም ተገኘች፤ ይኸውም ጀራርድ ተክሉን ከጠቀሰባቸው ሥፍራዎች ሁለተኛው መሆኑ ነው። አሮጌው የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ደራሲው ሳያስበው፣ የአንዲት ነፍሳት ካርታ ሆኖ ቆይቷል።

ሃምፎርድ ዎተር ዝቅተኛ መሬት ነው፤ የባሕሩም ወለል ከፍ እያለ በመሄድ ላይ ይገኛል። ሣሩ በመከር ከታጨደ እንቁላሉ አብሮ ስለሚጠፋ በግድቦቹ ላይ ያለው ኑሮዋም አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ እንስላሉ ውሃ በማይደርስበት ከፍ ያለ መሬት እንዲተከል ተደረገ፤ በኮልቸስተር የእንስሳት መጠበቂያ የተራቡ የእሳት እራቶችም ወደ አዲሶቹ ማሳዎች ተለቀቁ።